ጀርባውን የሰጠ ትምህርት ቤት

በሩን ያወጣነው በተሳሳተው በኩል ነበር። ይህን ስሕተት ለመሥራት ስድስት ሳምንት፣ አርባ ሰውና አንዲት ኮሌጅ የጨረሰች አስተማሪ ፈጅቷል። አስተማሪዋ እኔ ነኝ። ግድግዳው ሲቆም፣ ጣራው ሲለብስ፣ በሩ ሲሰቀል እዚያው ቆሜ ነበር። ጠመኔ ስቆጥር ልብ አላልኩም።

ነገሩ የሆነው ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በሁለተኛው ዓመት፣ በኖቬምበር፣ ጆርጂያ ውስጥ ባሕሩ ዳር ባሉት የሩዝ ማሳዎች ነው። እኔ የተወለድኩት ኦሃዮ ነው፤ ነፃ ሆኜ። እዚህ ያለው ሰው ይህንን ይቅር ሊለኝ ሁለት ዓመት ፈጅቶበታል። ያኔ ግን ከመጣሁ ገና ሁለት ወሬ ነበር፤ ስለዚህ ማንም ምንም አይነግረኝም ነበር።

ትምህርት ቤቱ ርዝመቱ ሃያ ክንድ፣ ወርዱ አሥራ ሁለት ነው። በስምንት አጫጭር ምሰሶዎች ላይ የተቀመጠ፣ ወለሉ ሳንቃ፣ ግራና ቀኙ ላይ ሦስት ሦስት መስኮት ያለው ቤት። የሠራው አባባ ፊልሞን ነው። በዚህ ወንዝ ዳር ከእሱ የተሻለ አናጢ የለም፤ ይህንንም ከማንም በፊት ራሱ ይነግራችኋል።

ሰኞ ዕለት ከፈትን። አሥራ አንድ ልጅ መጣ።

መቶ ሃያ ሰው ተመዝግቦ ነበር! በጸሎት ቤቱ ተሰልፈው፣ ግማሾቹ እያለቀሱ፣ እናቶች ልጆቻቸውን እየገፉ ያስመዘገቡት ሰዎች ናቸው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በጀልባ ደብዳቤ ደረሰኝ። የላከው እኔን የቀጠረው የሰሜኑ ማኅበር ተወካይ፣ ሳቫና የሚቀመጠው ሚስተር ዊትሎክ ነው። የሚመጣው ሰኞ መጥቼ አያለሁ፣ በቀን ብርሃን ሠላሳ ተማሪ ተቀምጦ ካላገኘሁ ወደ ሳቫና ይዛወራሉ ይላል፤ እዚያ አንዲት አስተማሪ መቶ ሃምሳ ልጅ ይዛ እየታመመች ነው። ሰውዬውን ልወቅሰው አልቻልኩም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ እጽፍ ነበር። ሰባት ቀን ቀረኝ ማለት ነው።

ማክሰኞ ቤት ለቤት ዞርኩ።

“ልጅቷ ጥርሷን አሟታል፣ መምህርት” አለችኝ አንዷ። ልጅቷ ከኋላዋ ቆማ ሸንኮራ ትመጥጣለች።

ሌላው “ጫማ የለውም” አለኝ። በዚያ መንደር ጫማ የነበረኝ እኔ ብቻ ነኝ።

በቅሎ ነጂው ብሪስቶል ደግሞ አጥር ላይ ተደግፎ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ ያዘነ መሰለ።

“በቅሎዬ ሆዷን አሟታል።”

“የተመዘገቡት እርስዎ ነዎት እንጂ በቅሎዋ አይደለችም” አልኩት።

“እሷን ጥዬ እኔ ብማር ትቀየመኛለች። ቂመኛ ናት፣ አታውቂያትም።”

በንዴት ጥዬው ስሄድ እማማ ዚልፋ መንገድ ላይ ያዘችኝ። እማማ ዚልፋ የመንደሩ አዋላጅ ናት። ከአርባ ዓመት በታች ያለውን ሰው ሁሉ በእጇ ያወጣችው እሷ ስለሆነች ማንንም አትፈራም፤ ሁሉንም ራቁቱን አይታዋለች። ልብሴን ጨምድዳ ያዘችና እየጎተተች ወደ ትምህርት ቤቱ ወሰደችኝ።

“ግቢ” አለችኝ።

ገባሁ።

“አሁን ውጪ። በሩ ላይ ቁሚ። ምን ታያለሽ?”

“ማሳ።”

“ከማሳው ወዲያ?”

ከማሳው ወዲያ፣ ልክ ሰው በክር የለካው ይመስል ቀጥ ብሎ፣ ትልቁ ቤት ነበር። በረንዳው ላይ ሚስተር ክረንሾ በወንበሩ ተቀምጧል። የማሳው ሁሉ ባለቤት ነው፤ ድሮ የሰዉም ባለቤት ነበር። አሁን ሰዉ በዓመት ውል ይሠራለታል። ጭኑ ላይ የመርከበኞች ረጅም መነጽር ነበረው። አንሥቶ ተመለከተኝ፤ ከዚያ እጁን አውለበለበልኝ። ሰላምታ ነበር! ከልማዴ የተነሣ እኔም ላወለበልብለት ነበር፤ እማማ ዚልፋ እጄን መታችው።

“ውሉ መቼ ነው የሚታደሰው?” አለችኝ።

“በዲሴምበር መጨረሻ።”

“እንግዲያ። በዚህ በር የሚገባው ሁሉ እዚያ በረንዳ ላይ ይቆጠራል። ‘የእነ እገሌ ልጅ ሩዝ ከመውቃት ፊደል ይሻላታል፤ እንግዲህ ፊደል ያብላቸው’ ብሏል። በአፉ ነው ያለው፤ ወጥ ቤቱ የምትሠራው እህቴ ሰምታዋለች። ትናንት የመጡት አሥራ አንዱ የማን ልጆች እንደሆኑ ታውቂያለሽ?”

አሰብኩ። የዓሣ አጥማጆቹ ልጆች ናቸው። ክረንሾ ዘንድ ውል የሌላቸው።

“ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?”

“አልጠየቅሽማ። ጥርስ ስትመረምሪ ነው የዋልሽው።”

“ይህንን በር እዚህ ማን አወጣው?”

“ፊልሞንን ራሱን ጠይቂው” አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜም ድምፅዋ ለሰለሰ።

አባባ ፊልሞን ግቢው ውስጥ አግዳሚ ወንበር ሲልግ አገኘነው። አምጥተን በሩ ላይ አቆምነው። ከዚያ ቤት ፊት ስድስት ሳምንት ሙሉ ሲወጣ ሲወርድ የከረመ ሰው ነው። ቀና ብሎ ትልቁን ቤት አየ። ወደ በሩ ዞረ። መቃኑን በመዳፉ ዳበሰው። እንደገና ትልቁን ቤት አየ።

“ማንም እዚህ አውጣው አላለኝም” አለ።

“አውቃለሁ” አለች እማማ ዚልፋ።

“ሠላሳ አንድ ጎጆ ነው የሠራሁት፤ በዚህ እጄ። የሁሉም በር ወደ ትልቁ ቤት ነበር። ተቆጣጣሪው ከበረንዳው ሳይነሣ ማን እንደወጣ ማን እንደገባ በአንድ ዓይን እንዲያይ። ዛፉን ሳላየው፣ ፀሐዩን ሳላየው፣ ነፋሱን ሳልጠይቅ። እንጨቱን አስተኛሁና እጄ ራሱ አወጣው።”

ውኃ ጠየቀኝና አመጣሁለት።

ረቡዕ፣ ፀሐይ ሳትገባ፣ ጸሎት ቤቱ ውስጥ ስብሰባ ተደረገ። ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ምክንያቱም መልሱ ቀላል ነበር። “መጋዝ አለን። ወደ ወንዙ ያለውን ግድግዳ ሰንጥቀን ሌላ በር እናውጣ፤ ይህንን በሳንቃ እንድፈነው። ሁለት ቀን አይፈጅም” አልኩ። ተቀመጥኩ። ጉዳዩ ያለቀ መስሎኝ ነበር።

እማማ ዚልፋ ተነሣች። “ድፍኑስ ወዴት ያያል?”

“ወደ… ወደ ትልቁ ቤት።”

“ስለዚህ ክረንሾ ጠዋት ቡናውን ይዞ ይወጣና ምን ያያል? ልጥፍ። በአዲስ ግድግዳ ላይ ልጥፍ። ‘አይ፣ እኔን ፈርተው ለጠፉት’ ይላል። እስኪሞት ድረስ በየቀኑ እሱን እያየ ይስቃል። እኔ ለዚህ ሰው መሳቂያ አልሠራለትም፤ አርባ ዓመት ሠርቼለታለሁ፣ ይበቃዋል።”

ሰዉ “እውነት ነው! እውነት ነው!” አለ።

“ታዲያ ምን ይደረግ?” አልኩ። ከድምፄ እንደሚሰማው ተቆጥቼ ነበር። “ቤቱን አንሥተን እናዙረው?”

ይህንን ያልኩት ለፌዝ ነው። ማንም ግን አልሳቀም። ብሪስቶል ኮፍያውን ከጉልበቱ ላይ አነሣና ቀስ ብሎ ቆመ።

“አምና ክረምት ስንት ጎጆ ጎተትን?” አለ።

አንድ ድምፅ ከኋላ “አሥራ ዘጠኝ” አለ።

እኔ አላወቅሁም እንጂ፣ ነፃነቱ ከታወጀ በኋላ ሰዉ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ያ ነበር። ጎጆዎቹ በሁለት ረድፍ፣ ግድግዳ ለግድግዳ፣ በትልቁ ቤት ዓይን ሥር ነበሩ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ጎጆውን ግንድ ላይ አውጥቶ፣ በበቅሎ ጎትቶ፣ ደስ ወዳለው ቦታ ወስዶ ተከለው። አንዷ ሴት ምድጃውን ሳታጠፋ ውስጡ ተቀምጣ ስኳር ድንቿን እየጠበሰች ሄዳለች ይባላል። እሷም እዚያው ነበረች፤ “ሦስቱ አርረውብኛል፣ ያ ብሪስቶል ድንጋይ ላይ ነድቶኝ” አለች።

“አሥራ ዘጠኝ ጎጆ የጎተተ ሰው” አለ ብሪስቶል፣ “አንድ ትምህርት ቤት ማዞር ያቅተዋል? ግማሽ ዙር ነው። በሩ ወደ ወንዙና ወደ ዛፎቹ ይሆናል። ከዛፎቹ ሥር የሚመጣውን ሰው ማን ያየዋል? ለክረንሾ ደግሞ ቂጡን…”

“ጸሎት ቤት ነው!” አለ ዲያቆኑ።

“…ጀርባውን እንሰጠዋለን ልል ነበር፣ ዲያቆን። አንተ ነህ ሌላ ያሰብከው።”

ከዚያ ወዲያ ሥርዓት አልነበረም። አባባ ፊልሞን ብቻ ጥግ ላይ ተቀምጦ መሬቱ ላይ በጣቱ መስመር ያሰምር ነበር። ሳቁ ጋብ ሲል ቀና አለ።

“ጭስ መውጫው አልተሠራም፤ ስለዚህ አይፈርስም። መካከሉ ሥር አንድ ወፍራም ጉቶ እተክላለሁ፤ ቤቱ እሱ ላይ ይዞራል። አራት በቅሎ፣ ስድሳ ሰው፣ ያላችሁን የአሳማ ስብ ሁሉ። ቅዳሜ ከሰዓት።”

ቅዳሜ ከሰዓት በውሉ መሠረት የራሳቸው ጊዜ ነው። አንድ ሰው “በጨለማ ብናደርገው አይሻልም?” ሲል እማማ ዚልፋ ዞራ አየችው። “በጨለማ ጸለይን፣ በጨለማ ፊደል ቆጠርን፣ በጨለማ አገባን። በቀን ነው። አንድ አንድ ሆነን በበር ስንገባ ይቆጥረናል፤ ስድሳ ሆነን አንድ ገመድ ከያዝን የቱን ያባርራል? ሩዙን ማን ሊዘራለት ነው፣ ራሱ በዚያ ወገቡ? ብቻ ሴቶቹ ሁላችሁም ራሳችሁን በነጭ እሰሩ፤ ወንዶቹ ኮፍያችሁን እስከ ቅንድባችሁ አውርዱ። መነጽሩ ይድከም።”

ቅዳሜ ስድሳ አልመጣም። መቶ አርባ መጣ። ወንዝ ማዶ ያሉት ሰምተው በጀልባ ተሻገሩ፤ ሴቶች ሽሪምፕና ሩዝ በብረት ድስት አመጡ። ቤቱን በረጃጅም አጣና ፈንቅለው ትንሽ ትንሽ አነሡት፤ ምሰሶዎቹን አወጡ፤ ጉቶውን መካከሉ ሥር ተከሉ፤ ዙሪያውን ሳንቃ ዘርግተው ስብ ቀቡት፤ ድብልብል ግንዶች አስገቡበት። አባባ ፊልሞን ሁለት በቅሎ በአንዱ ማዕዘን፣ ሁለቱን ደግሞ በተቃራኒው ማዕዘን አሰለፈ።

ያኔ ነው እኔ የገባሁበት። ስለ ጉልበትና ስለ መፈንቀያ ኮሌጅ ተምሬ ነበር። አራቱም በቅሎዎች አንድ ማዕዘን ላይ ቢሆኑ ኃይሉ እንደሚደመር አስረዳሁ፤ መሬት ላይ ሥዕል ሣልኩ፤ ጊዜ እየሄደ ነው አልኩ። አባባ ፊልሞን ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

“እርግጠኛ ነሽ፣ ልጄ?”

“ሒሳብ ነው” አልኩት።

አክባሪ ሰው ነው፤ እሺ አለ። በቅሎዎቹ አንድ ላይ ሲጎትቱ ቤቱ አልዞረም። ከጉቶው ላይ ተንሸራቶ ወረደና እንደ ሰከረ ሰው ዘንበል ብሎ ቆመ። አንድ መስኮት ተሰበረ። ከዚያ የብሪስቶል በቅሎ፣ ያቺው ሆዷን የታመመችው፣ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

“ኮሌጅ ስንት ዓመት ነው ያልሽው?” አለች እማማ ዚልፋ።

“አራት።”

“አምስተኛው ይጎድልሻል።”

እንዲያ የሚስቅ ሕዝብ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ሰዎች ገመዱን ጥለው መሬት ላይ ተንከባለሉ፤ ዲያቆኑ ዛፍ ይዞ ሳቀ። እኔ ጆሮዬ እስኪግል ቆሜ ነበር፤ በኋላ እኔም አልቻልኩም። ቤቱን መልሶ ጉቶው ላይ ለማውጣት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ከዚያ በኋላ አፌን ዘግቼ ስብ ቀባሁ።

ብሪስቶል ድሮ የጀልባ ቀዛፊ ሆኖ ስለኖረ፣ እየጠየቀና እያስመለሰ ሰው ማስጎተት ያውቃል። ጣራው ላይ ወጥቶ ጮኸ።

“ማነው የሚዞረው?”

“ቤቱ ነው!” አለ ሰዉ፤ ገመዱ ተወጠረ።

“ማን አዘዘው?”

“ራሱ ነው!”

“ወዴት ያያል?”

“ወደ ወንዙ!”

“ለክረንሾስ?”

እዚህ ላይ መልሱ ጸሎት ቤት ውስጥ ዲያቆኑ የከለከለው ቃል ነበር፤ የመለሰውም መቶ አርባ ሰው ነው። የዲያቆኑንም ድምፅ ሰምቻለሁ፤ ቢክድም ሰምቻለሁ። ቤቱ አንድ ጊዜ አቃሰተ፤ ቀጥሎ ዞረ። ክንድ በክንድ፣ ስቡ እየጨሰ፣ መስኮቶቹ ፀሐዩን ተራ በተራ እየያዙ። አባባ ፊልሞን በአራት እግሩ ከሥሩ ገብቶ ጉቶውን እየተመለከተ “ቀስ! ቀስ! እንደ አራስ!” ይላል። ልጆች ከበሩ ጋር እኩል እየሮጡ ይዞራሉ።

እኩሌታው ላይ ሲደርስ ትልቁን ቤት አየሁ። ክረንሾ በረንዳው ላይ ቆሟል። ከመጣሁ ጀምሮ ቆሞ አይቼው አላውቅም ነበር። መነጽሩን ያነሣል፣ ያወርዳል፣ ያነሣል። ነጭ ራስ ሁሉ አንድ፣ ኮፍያ ሁሉ አንድ። የበሩ ጫፍ ከዓይኑ እንደጠፋ መነጽሩን አስቀመጠ፤ ጎንበስ አለና ወንበሩን ብድግ አድርጎ ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረው። በዚያን ቀን ሁለት ነገር ዞረ ማለት ነው። ብሪስቶል ከጣራው ላይ ሆኖ አይቶት ኖሮ ከሳቁ የተነሣ ሊወድቅ ነበር።

ስምንቱ ምሰሶዎች ሲመለሱ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም ነበር። ሽሪምፑ ተበላ። ቤቱ ትንሽ ጠመመ፤ በዚህ ምክንያት በሩ መግጠም እንቢ አለ። አባባ ፊልሞን እሑድ አልሠራም አለ፤ “ሰኞ በጠዋት እልገዋለሁ።”

ሰኞ ገና ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ከወንዙ በኩል፣ ከዛፎቹ ሥር ይመጡ ጀመር። ሸንኮራ የምትመጥጠዋ ልጅ ከእናቷ ጋር መጣች። ብሪስቶል በቅሎዋን ዛፍ ላይ አስሮ ገባ። እማማ ዚልፋ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ሁለት ልጆችን ጠጋ በሉ ብላ ገፋቻቸው። አባባ ፊልሞን በሩ ላይ ተንበርክኮ በመላጊያ ይልጋል፤ ፍቅፋቂው እንደ ጥጥ ጫማዬ ላይ ይወድቃል። እየላገ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር፤ እኛ የምንለውን ፊደል ቀስ ብሎ ይደግማል። ዝም አልኩት።

ሚስተር ዊትሎክ ሦስት ሰዓት ላይ ደረሰ። የመጣው በዋናው መንገድ፣ በትልቁ ቤት በኩል ነው። ከዚያ የሚታየው ሳንቃ ግድግዳ ብቻ ነው። ቤቱን ሲዞር በመስኮቶቹ ውስጥ ኮፍያው ብቻ ሲያልፍ አየን። ቆመ። ግድግዳውን አንኳኳ።

ብሪስቶል አንገቱን በመስኮት አወጣ። “ከኋላ ነው የመጡት፣ ጌታው። ፊቱ በዚያ ነው።”

“ይቅርታ፣ ከመንገድ ስመጣ…”

“አዎ፣ ብዙ ሰው ያንን ይላል” አለ ብሪስቶል። እንዲህ ያለው የመጀመሪያው ሰው ራሱ ዊትሎክ ነበር።

ዊትሎክ ገባ። ቀጭን፣ የደከመ፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነው፤ ቦት ጫማው ጭቃ ነው። በእርሳሱ እየጠቆመ ቆጠረ፤ ደግሞ ከኋላ ጀምሮ ቆጠረ። እኔ ቦርዱ ጋ ቆሜ ጠመኔውን ሁለት ቦታ ሰበርኩት። እማማ ዚልፋ በሹክሹክታ “ተረጋጊ፣ እንዲህ መጨነቅ የሚያስፈልግሽ ገና ስትወልጂ ነው” አለችኝ።

“አርባ ስድስት” አለ።

“አርባ ሰባት” አለ አባባ ፊልሞን። ከተንበረከከበት ተነሣ፤ መላጊያውን ግድግዳው ሥር አስቀመጠ፤ ጉልበቱን አራገፈና ሄዶ የኋለኛው ወንበር ላይ፣ ከሕፃናቱ መካከል ተቀመጠ። ጉልበቶቹ እስከ አገጩ ደረሱ። ማንም አልሳቀም፤ እንደሚስቁ እርግጠኛ ነበርኩ።

ሚስተር ዊትሎክ ጻፈ። “እስከ ጁን እዚህ ይቆያሉ፣ ሚስ ቲርዛ። ለሳቫና ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።” ከዚያ ማስታወሻውን አጠፈና ጉሮሮውን ጠረገ። ወደ ሰዉ ዞረ። “ወዳጆቼ፣ በሰሜን ያሉት ቸር ወንድሞቻችሁ…”

“ጌታው” አለች እማማ ዚልፋ።

“እመቤቴ?”

“ፊደል ላይ ነን። አራተኛው ላይ ደርሰናል፤ ከቆምን ይጠፋብኛል፣ አርጅቻለሁ። ንግግሩን ምሳ ላይ ይነግሩናል፤ ሩዝ አለ። ደግሞ ከወንዙ ነፋስ እየገባ ነው፤ ሕፃናቱን ይመታቸዋል።”

ሰውዬው አፉን ከፍቶ እኔን አየኝ። እንድታደገው ይመስለኛል። እኔ ፊቴን ወደ ቦርዱ አዙሬ አምስተኛውን ጻፍኩ።

“እርግጥ ነው” አለ። “ይቅርታ አድርጉልኝ።” ኮፍያውን ይዞ በሁለቱ የወንበር ረድፎች መካከል፣ የልጆቹን እግር እንዳይረግጥ እየተጠነቀቀ፣ አለፈ። ከኋላዬ አርባ ሰባት ሰው አምስተኛውን ፊደል ጮኸ፤ ውጭ የታሰረችው በቅሎ መለሰች። ሚስተር ዊትሎክ ወጣና በሩን ዘጋው፤ ልክ ገጠመ።